የእኛ ዱቄትና የውሻው ዱቄት

ባለፈው ዓመት ልጄ ዓይኔን ለማስመርመር አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ከሐኪሙ ስንመለስ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ገባን። እሷ ሳሙናና ዘይት ስትመርጥ እኔ ከአንድ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በትልልቅ ከረጢት የታሸገ የውሻ ምግብ ነው። ከረጢቱ ላይ ጸጉሩ የሚያብረቀርቅ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ይታያል። መነጽሬን አደረግኩና ከረጢቱን አዙሬ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተጻፈው በቆሎ ነው። ከዚያ የዶሮ ተረፈ ሥጋ፣ የእንስሳት ስብ፣ ጥራጥሬ፣ ጨው፣ ቫይታሚን እያለ ይወርዳል። ከሁሉ በታች በደቃቅ ፊደል ለሰው ምግብ እንደማይሆን የሚያስጠነቅቅ መስመር አለ።

ልጄ ጋሪዋን እየገፋች መጣች።

«እማዬ፣ ምን ታያለሽ? ውሻ የለንም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«በቆሎ አለው ይላል።»

ሳቀችና እጄን ይዛ ወሰደችኝ። አባቷ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ በእነዚያ ወራት የማደርገውን ሁሉ በትዕግሥት ታልፈኝ ነበር። እሷ የማታውቀው ነገር አለ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ሚዛን ተፈሪ ሳለን፣ የባሌን አባት ውሻ በገዛ እጄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህን በሙሉ የምናውቀው እኔና አባቷ ነበርን። አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ እጄ እንደፈቀደልኝ፣ እጽፈዋለሁ።

ወደ ሚዛን የሄድኩት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት በመምህርነት ተመድቤ ነው። የተወለድኩት ወልቂጤ አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ አገር ዝናብ መጥቶ ይሄዳል፤ ሚዛን ግን ዝናቡ ነዋሪ ነው፣ መጥቶ የሚሄደው ፀሐዩ ነው። ጫማ አልጋ ሥር ሦስት ቀን ከተቀመጠ ይሻግታል። የተማሪ ደብተር ይሻግታል። የሠርጌ ቀሚስ እንኳ ሳጥን ውስጥ እንዳለ አረንጓዴ ነጥብ አውጥቶ አገኘሁት።

ባሌ የሸኮ ልጅ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ የቡና እርሻ በጥራት ተቆጣጣሪነት ይሠራ ነበር። ሥራው በአጭሩ ማሽተትና መቅመስ ነው። ስኒዎች ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱ የተፈጨ ቡና ይደረግና የፈላ ውሃ ይፈስበታል። አረፋው ሲጠጥር በማንኪያ ሰብሮ ያሸታል፤ ከዚያ በማንኪያ አንስቶ በአንድ ትንፋሽ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ስቦ፣ አፉ ውስጥ አንከባሎ ይተፋዋል። ቤትም ሲመጣ ይህ ልማድ አይለቀውም ነበር። ሾርባ ሲጠጣ እንኳ ያፏጫል። ስንጋባ ሰሞን «እባክህ እንግዳ ፊት እንዲህ አትጠጣ» እያልኩ እቆጣው ነበር። አሁን ያን ድምፅ ለመስማት የማልሰጠው ነገር የለም።

ውሻው የአባቱ ነበር። አባቱ እኛ ከመጋባታችን በፊት በነበረው ክረምት ሞቱ፤ ያላቸውን መሬት እናቱ ያዙ፣ ውሻው ለእሱ ቀረ። ጥቁር፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለው፣ አንድ ጆሮው በከርከሮ የተቀደደ ውሻ ነው። በየዓመቱ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከሚዛን በአይሱዙ ተጭኖ ሸኮ ይሄዳል። እዚያ ሁለት ሦስት ወር ከአማቴ ጋር ሆኖ ከርከሮና ዝንጀሮ ሲያባርር ይከርማል። አዝመራው ሲገባ እሱም ከበቆሎው ጆንያ ጋር፣ በዚያው መኪና፣ ጆንያው ላይ ተኝቶ ይመለሳል። ሾፌሮቹ ያውቁታል። «ባለ እርሻው መጣ!» እያሉ ነው የሚያወርዱት።

በቆሎው ሲደርስ ሥራው የእኔ ነው። እናቴ ቤት እህል አይደፋም ነበር፤ እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። በረንዳ ላይ ተቀምጬ በሰፌድ አንገዋልላለሁ፣ እለቅማለሁ። ሙሉውና ነጩ ለእኛ። ስብርባሪው ለዶሮ። የጠቆረው፣ አረንጓዴ ያወጣው፣ እርስ በርሱ የተጣበቀው ለውሻው። ለውሻው የሚሆነው ለብቻው ይታሰራል፤ ወፍጮ ቤትም መጨረሻ ላይ ነው የሚፈጨው፣ ሌላ ሰው እህል ላይ እንዳይደርስ። ድስቱ ለብቻው፣ ማማሰያው ለብቻው ነበር። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ምንም አይባክንም፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻውን ያገኛል ብዬ።

ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ዓመት በቆሎው ሲሰበር ዝናቡ አላቋረጠም። ጆንያው ሲደርሰን ውጭውን ስነካው ሞቅ ይል ነበር። ለቀምኩት። በዚያ ዓመት የውሻው ድርሻ ከወትሮው በዛ፤ እኔም ለውሻው ጥሩ ዓመት ነው ብዬ ለራሴ ቀለድኩ።

ኅዳር ላይ ውሻው መብላት ተወ።

መጀመሪያ የነገረችኝ ከጓሮአችን ቀጥሎ ያለችው አረቄ የምታወጣው ጎረቤቴ ናት። ውሻው እሷን አይወዳትም፤ የአረቄ ሽታ ይሁን ሌላ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ባለች ቁጥር ይጮህባታል።

«ቲቸር!» አለችኝ በአጥሩ በኩል። «ዛሬ ውሻሽ አልሰደበኝም። ምን ሆኗል?»

«ተኝቷል መሰለኝ።»

«ተኝቶስ እኔን አይምረኝም። እዪው እስቲ።»

ሄጄ አየሁት። ከኩሽናው ጀርባ ተኝቶ ጭራውን ብቻ አነቃነቀ። አጠገቡ አስታውኳል። ዓይኑን ገልጬ ሳየው ነጩ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤቴ አጥሩን ዞራ መጣችና እሷም አየችው።

«የወፍ በሽታ ነው» አለች። «ሰው ቢሆን ቅጠል አውቅለት ነበር።»

ባሌ አልነበረም። የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ እርሻው ካምፕ ነው የሚያድረው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ሮብ ነበር። ሦስት ቀን ውስጥ ያ ውሻ ቢሞትብኝ ምን እለዋለሁ የሚለው ፍርሃት ያዘኝ። ከአባቱ የቀረለት እሱ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በሸኮኛ ሲያወራው እሰማ ነበር፤ በአማርኛ ለእኔ የማይነግረኝን ለእሱ ይነግረዋል እያልኩ አንዳንዴ እቀና ነበር።

ተማሪ ልኬ የእንስሳት ጤና ረዳቱን አስጠራሁ። ወጣት ነው፤ ጭቃውን ረግጦ፣ ቦቲውን እያራገፈ መጣ።

«ላሟ የታለች?»

«ላም አይደለም፤ ውሻ ነው።»

«ውሻ?» አለና ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፣ ሊመለስ እንደሚያስብ ሰው። «ቲቸር፣ በዚህ ከተማ ውሻ ታመመ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ።»

ቢሆንም ተንበርክኮ አየው። ሆዱን ዳሰሰ፣ ድዱን ገለጠ።

«ጉበቱ ነው። ምንድን ነው የሚበላው?»

«ገንፎ። የበቆሎ።»

«ዱቄቱን እስቲ ልየው።»

ገባሁ። የእኛ ዱቄት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ነው፤ የውሻው ክፍት ባልዲ ውስጥ በሩ ጋ። የውሻውን ባልዲ አነሳሁ። ግራጫ ነው፣ እዚህም እዚያም ተጓጉሏል። ይህን ይዤ ልወጣ ነው? አልኩ። ነገ በከተማው መምህርቷ የምታበላውን ብታዩ ሊባል ነው። ባልዲውን አስቀመጥኩና ከእኛው ቆርቆሮ በሳህን ዘግኜ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር በሽታው ከዱቄቱ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ያፈርኩት በመልኩ ነው።

ወጣቱ በጣቶቹ አሸት አደረገው።

«ነጭ ነው፣ ደህና ነው። ከዚህ አይደለም» አለ። «ውጭ አንድ ነገር አግኝቶ ይሆናል። ወተት አጠጪው፣ እናያለን።»

እኔም እፎይ አልኩ። ባለሙያ ከዱቄቱ አይደለም ብሏል። ያላየውን ዱቄት ነጻ እንዳወጣልኝ ረሳሁት። ሐሙስም ዓርብም ከዚያው ባልዲ፣ ቀጠን አድርጌ፣ በወተት አላልቼ አቀረብኩለት። እንዲያገግም ብዬ እጄ ላይ አድርጌ አባበልኩት። እኔን ላለማስቀየም ይመስል ጥቂት ጥቂት ላሰ።

ቅዳሜ ባሌ ሲገባ ውሻው ሊቀበለው አልተነሳም። ዕቃውን በሩ ላይ ጥሎ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ዱቄቱን መቀየሬን ግን ዘለልኩ።

«ምን እየበላ ነው?»

«ያው ገንፎ።»

ተነሥቶ ባልዲው ጋ ሄደ። አላየውም፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ፊቱ አልተለወጠም። ሥራ ላይ ሲሆን ፊቱ አይለወጥም።

«ይሄ ጀንፈል ቢሆን ከእርሻው በር አይገባም ነበር» አለ። ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው ጀንፈል የሚባለው፤ ሲሻግት እንዴት እንደሚሸት እሱ ያውቃል። «የእኛስ የት አለ?»

«የእኛ ደህና ነው፣ ለቅሜዋለሁ።»

«አምጪው።»

ሁለት ስኒ አወረደ። በአንደኛው ከባልዲው፣ በሌላው ከቆርቆሮው አንድ አንድ ማንኪያ ዱቄት አደረገና የፈላ ውሃ ጨመረበት። በማሰሮ ክዳን ሸፈናቸው። ልክ እንደ ሥራ ቦታው ሰዓቱን አየ። እኔ መቆጣት ጀመርኩ።

«ውሻው እየሞተ አንተ ትጫወታለህ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ጨፍኚማ። እባክሽ።»

ጨፈንኩ። ክዳኑን ሲያነሳ እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ። አንዱን ስኒ አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ፤ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን።

«የውሻው የቱ ነው?»

«የመጀመሪያው። ይሄ እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን ጥያቄ አለው? ሁለተኛው ይሻላል።»

«ግለጪ።»

ገለጥኩ። የመጀመሪያው ነጩ ነበር። የእኛ።

ጠዋት ልጃችን ገንፎ የበላችበት ሳህን ገና ሳይታጠብ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ሁለታችንም ያየነው እሱን ነው። ባሌ ልጅቷን ከእንቅልፏ አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰዳት፤ በአውራ ጣቱ የዓይኗን ቆብ ቀስ አድርጎ ሳብ አደረገ። ነጭ ነው። ሌላኛውንም አየ። ነጭ ነው። እሷ ከእንቅልፏ ስለቀሰቀሳት አለቀሰች። እሱ አቅፏት ቆሞ ቀረ።

ቆይቶ አስረዳኝ። ቡና ላይ አንድ የሻገተ ፍሬ ስኒውን ሙሉ ያበላሻል። ዓይን የሚለየው መልኩን ብቻ ነው። የሻጋታው ብናኝ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ሄዷል፤ ጆንያው አንድ ነበር። የእኛን ደግሞ እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ከሙቀት አጠገብ አስቀምጬ እንዲያልበው አድርጌያለሁ። የውሻው በሩ ጋ ነፋስ እያገኘው ነበር።

«እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልዩነቱማ እሱ ብዙ በልቷል። ጠዋትም ማታም ያንኑ ነው። እኛ ወጥ አለን፣ ጎመን አለን፣ ጎደሬ አለን። እሱ ቀድሞን ታመመ እንጂ።»

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ሐኪሙ ዱቄቱን አላየም?»

«አይቷል።»

«ይሄን አይቶ ነው ደህና ነው ያለው?»

«ያሳየሁት የእኛን ነው» አልኩት። «አፈርኩ።»

አየኝ። እንዲህ ረጅም ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን ከመስቀያው አወረደና ወጥቶ ውሻው ላይ ጣል አደረገለት። እዚያው አጠገቡ እስኪጨልም ተቀመጠ። በሸኮኛ ምን እያለው እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን ብጥልም አልገባኝም። ውሻው ከሞተ ይህ ሰው ድጋሚ እንደ በፊቱ አያየኝም ብዬ አሰብኩ። የዚያን ሰሞን ጸሎቴ ሁሉ ስለ አንድ ውሻ ጉበት ነበር፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ለመናገር አፍሬአለሁ።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቴ ወሬው ደርሷት መጣች።

«ቲቸር፣ በቆሎውን ልትደፉት ነው አሉ። ምነው! እኔ እወስደዋለሁ። አረቄን ሻጋታ ምን ያደርጋታል? እሳት ያጠራዋል።»

ደስ አለኝ። ያ ሁሉ እህል ከሚጠፋ ብዬ ጆንያውን ልጎትትላት ስል ባሌ እጄን ያዘኝ።

«አይሆንም።»

«ምን ቸገረህ? ራሷ ፈልጋ ነው።»

«እሷ አትጠጣውም፤ የሚጠጣው ሌላ ነው። ሌላ ሰው ውሻ ነው?»

ጎረቤቴ «ኧረ አንዳንዱስ ከውሻም ይብሳል፣ የእኔን ደንበኞች አላየህ» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የያዝኩት ፍርሃት ወደ ቁጣ ተለወጠብኝ።

«አንተስ?» አልኩት፤ ጎረቤት ፊት። «ጥሩ ጥሩውን መርጠህ ውጭ አገር የምትልከው አንተ አይደለህም? የተበላሸውንስ ለማን ነው የምትተወው? እኛ ገበያ የሚወጣው እሱ አይደል? እኔ በሰፌድ የማደርገውን አንተ በማንኪያ አይደለም የምታደርገው?»

ጎረቤቴ ሳቋን ዋጠችና «በሉ እሳቴን ላየው» ብላ ሄደች።

ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ወደቆመው አካፋ ሄደ። ከዚያ «እሱንም አውቀዋለሁ» አለ። «ተፍቼ የተውኩትን ማን እንደሚጠጣው አውቃለሁ። ማታ እዚህ የምንጠጣው እሱን ነው።» አካፋውን አነሳ። «ቡናው የእርሻው ነው፤ በእሱ ላይ አላዝም። በቆሎው ግን የእኔ ነው።»

ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ በዝናብ ውስጥ እስከ ወገቡ ቆፈረ። የዓመት ቀለባችንን ከነጩም ከጥቁሩም ደፍቶ፣ አመድ ነስንሶ ቀበረው። እኔ ልጅቷን አቅፌ ከኩሽናው በር ሆኜ አየሁ። እናቴ ይህን ብታይ ታብድ ነበር።

ከዚያ ወደ ልኳንዳ ሄደ። እንደነገረኝ ሥጋ ቆራጩ ልማዱን አውቆ ሳንባ ሊጠቀልልለት ሲል «ዛሬ ከጭኑ ስጠኝ» ብሎታል።

«እንግዳ አለባችሁ?»

«ለውሻው ነው።»

«የገና ጾም ገብቶ ሚስትህ ትጾማለች፤ ውሻችሁ ይፈስካል?»

«እሱ እንደ እኔ ጴንጤ ነው» ብሎት መጣ። ያን ቀን እኔና እሱ መጀመሪያ የሳቅነው በዚህች ነው።

ችግሩ እኔ ጾመኛ መሆኔ ነበር። መረቁን መቀቀል እችላለሁ፤ መቅመስ አልችልም። ለልጅቷም ከዚያው ድስት ነው የምናበላት፤ ለሁለት ድስት የሚሆን ሥጋ አልነበረንም። ስለዚህ የሚቀምሰው እሱ ሆነ። ማንኪያውን አመጣ፣ የሥራውን፣ የብሩን። መረቁን ቀድቶ አሸተተ፤ ከዚያ ያን ረጅም ፉጨቱን አሰማና አመዱ ላይ ተፋ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ሰውነት አለው» አለ፣ ቡና ቀምሶ እንደሚለው። «ንጹሕ ነው። መጨረሻው ላይ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል።»

ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ፦ «ጎረቤት! የውሻ ወጥም ኤክስፖርት ጀመራችሁ እንዴ?»

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ፈነዳን። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሲዞርብኝ ፊቱን ወደ ድስቱ መለሰ፤ ያላየ መሰለ።

ሰኞ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሲሄድ አልመከረኝም፣ አላስጠነቀቀኝም። «ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ» ብቻ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ መረቅ በማንኪያ አፉ ውስጥ አንጠባጠብኩለት። አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ይብስበታል።

ሐሙስ አማቴ ከሸኮ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ በዚያ መንገድ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የሚያውቁትን ግን ሳይፈሩ ይናገሩታል። ውሻው አጠገብ ተቀምጠው ራሱን ደባበሱት። ከዚያ በቆሎውን ጠየቁኝ።

«ቀበርነው፣ እማማ። ሻጋታ ገብቶበት።»

«ሁሉ?»

«ሁሉንም።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ለእናንተ ለቀምኩ» አሉ። «ጥሩ ጥሩ ለእናንተ። ሕፃን አለ ብዬ። መጥፎው እኔ ቤት ቀረ።»

«እና እርስዎ ምን ይበላሉ?»

«እሱን።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ በረንዳ ላይ ለሦስት የከፈልኩት በቆሎ አስቀድሞ ሸኮ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በእኛ ቤት ለውሻ ያልኩት እንኳ ከተሻለው ነው፤ ከእሱ የባሰውን እኒህ ሴትዮ ብቻቸውን ተቀምጠው ይበላሉ።

«አይብሉት፣ እማማ። በእግዚአብሔር።»

«እኔ አሮጊት ነኝ። ጎደሬ አለኝ፣ ቆጮ አለኝ። በቆሎ ትንሽ ነው የምበላው።» ከዚያ ፊቴን አይተው፣ እኔን ማጽናናት የእሳቸው ሥራ የሆነ ይመስል፣ እጄን ያዙ። «አንቺ አላወቅሽም። እኔም አላወቅኩ። ዝናብ ነው።»

በእርሻው መኪና ለባሌ ወረቀት ላክኩለት። ቅዳሜን ሳይጠብቅ ዓርብ መጣ፤ እናቱን ይዞ ሸኮ ሄደና የእሳቸውንም ጎተራ እንደ እኛው ቀበረው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ሲመለስ ጎደሬና ቦዬ በጆንያ አሸክሞ መጣ። ያን ዓመት እኛም፣ አማቴም፣ ውሻውም የኖርነው ጎረቤትና ዘመድ በሰጠን ሥራሥር ነው። ከአንድ ድስት። ሥራሥር ከመሬት ሲወጣ ትኩስ ነው፤ የሚለቀም ነገር የለውም።

ለገና አምስት ወይም ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ደብተር ሳርም ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። ብቅ ስል ውሻው በአራት እግሩ ቆሟል፤ ጎኑ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ወደ አጥሩ ቀዳዳ እየጮኸ ነው። ከማዶ ጎረቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ቲቸር! ሰደበኝ! ኧረ ሰደበኝ!»

እኔም እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

የሚቀጥለው ዓመት በቆሎ እሸት ሲይዝ ሸኮ ሄደ። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረና በእርጅና ሞተ። ሰፌዴን አልተውኩም፤ ለቀማዬን ግን ለወጥኩ። በቆሎው ሲመጣ መጀመሪያ ስኒ ይቀርባል። በስኒ ያላለፈ ለማንም አይሆንም፤ ያለፈው ለሁላችንም ነው። ይህን ያደረግኩት ለእንስሳ ርኅራኄ ስላለኝ ነው ብል እዋሻለሁ። ፈርቼ ነው። ለካ ለሰው ያልኩትና ለውሻ ያልኩት የተለያየው በእኔ ሰፌድ ላይ ብቻ ነበር።

ከባሌ ጋር ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ተጣልተናል። እኔ ስጣላ የቆየ ነገር አነሳለሁ፤ ይህ ክፉ ልማዴ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የተናገረውን፣ ሠርጋችን ላይ እኅቱ ያለችኝን ሁሉ እደረድርበታለሁ። ያን በቆሎ ግን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ያን ዱቄት የቀየርኩበትን ሮብ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ልጃችን በታመመች ጊዜ ሁሉ፣ እናቱ ሲሞቱ፣ እየጠበቅኩ እፈራ ነበር። አልመጣም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቦ ነበር። ከሚዛን ቀጥሎ ባለው አማን ቤት ስንሠራ ነው። ሲሚንቶውን በሸራ ሳይሸፍን ሄዶ ዝናብ አደረበት፤ ጠዋት ስናየው ከረጢት ከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። በሠራተኞቹ ፊት ጮኽኩበት።

«አንድ ነገር በወጉ ማስቀመጥ አትችልም? በዚህ አገር ዝናብ እንዳለ አታውቅም? የሚበላሸውንና የማይበላሸውን የማይለይ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አፉን ከፈተ። «አንቺ እኮ...» አለ።

ቃሉ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ አየሁት። ቆሜ ጠበቅኩት። ቢለኝ ይገባኝ ነበር። አፉን ገጠመ። ጎንበስ ብሎ ከደረቀው ከረጢት አንዱን አነሳና «ይሄ ለመሠረቱ ድንጋይ ይሆናል» ብሎ ለሠራተኛው አቀበለው።

ማታ ራት ላይ ጠየቅኩት።

«ጠዋት ምን ልትለኝ ነበር?»

«መቼ?»

«ሲሚንቶው ጋ። አንቺ እኮ ብለህ ጀመርክ።»

ሾርባውን በማንኪያ አንስቶ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ላስጥለው ባልቻልኩት ፉጨት ስቦ ጠጣ።

«ረሳሁት» አለ።

ከአሥር ዓመት በፊት የቀመሰው ስኒ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው ነበር።

«ይሁን» አልኩትና ሾርባ ጨመርኩለት።